መሪው በማን እጅ ነው?

ደወሌ ባሕር የላትም። ይህን አስቀድመን እንናገር፤ ምክንያቱም ዛሬ ከደወሌ ሆነን የምንጽፍላችሁ ስለ ባሕር ውስጥ ሮቦት ነው። «አቦ! እነዚህን ልጆች ፀሐይ መታቸው» የምትሉ አትጠፉም። ፀሐዩን አንክድም። የደወሌ ፀሐይ ከረፋዱ ጀምሮ ከሰው ጋር የግል ጠብ ያላት ይመስል አናት አናት ነው የምትለው። ነገሩ ግን የፀሐይ አይደለም፤ ትንሽ ታገሱን።

ለማታውቋት፣ ደወሌ በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ከጅቡቲ ጋር የምንዋሰንባት የድንበር ከተማ ናት። ጉምሩክ አለ፣ የባቡር ጣቢያ አለ፣ የተደረደረ ከባድ መኪና አለ፣ ሻይ አለ፣ ፍየል አለ። ከዚህ ባቡር የያዘ ሰው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ባሕሩን ያገኘዋል። እናንተ አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትበሉት ስንዴ፣ የምትነዱት መኪና፣ የምትነካኩት ስልክ፣ አብዛኛው ጅቡቲ ወደብ ላይ ከመርከብ የወረደ ነው። ስልካችሁ ውስጥ የሚገባው ኢንተርኔትም ቢሆን ከሰማይ አይወርድም፤ ብዙው ባሕር ወለል ላይ በተኛ ገመድ መጥቶ ጅቡቲ ላይ የሚወጣ ነው። ባሕር የሌለው አገር በባሕር ጣጣ አይነካም ያለው ማነው?

ጣጣው ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 «ሩቢማር» የምትባል የጭነት መርከብ የመን አጠገብ በሁቲዎች ሚሳይል ተመታች። መርከበኞቹ መልሕቅ ጥለው ወጡ። ባዶዋ መርከብ መልሕቋን እየጎተተች ስትንሳፈፍ ሰነበተችና በማርች 2 ሰጠመች። በዚያው ሰሞን ቀይ ባሕር ወለል ላይ የነበሩ ሦስት የኢንተርኔት ገመዶች ተበጠሱ፤ መልሕቋ ሳትሆን አትቀርም ተባለ። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ጂዳ አካባቢ ሌሎች ተበጠሱ።

የተበጠሰ ገመድ ማን ይቀጥላል? የጥገና መርከብ ትመጣለች። አንዳንዴ ረጅም መንጠቆ ጥላ ገመዱን ትጎትታለች። አንዳንዴ ግን ሮቦት ታወርዳለች። ይሄ ሮቦት መብራት፣ ካሜራ፣ ውኃ እየገፋ የሚያንቀሳቅሰው ሞተር፣ የሚቆርጥና የሚይዝ የብረት ክንድ ያለው ነው። ሰው አይገባበትም። ነጂው እላይ መርከቧ ላይ ስክሪን ፊት ቁጭ ብሎ ጆይስቲክ ይይዛል። በሁለቱ መካከል መብራትና ትእዛዝ የሚያወርድ፣ ምስል የሚያወጣ ወፍራም ገመድ አለ፤ ባሕረኞቹ «እትብት» ይሉታል። ያለ እትብት አይሆንም፤ የሬዲዮ ሞገድ በጨው ውኃ ውስጥ ሩቅ አይሄድማ። ድምፅ ይሄዳል፤ ግን በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ሺህ ሜትር ታች ላለ ሮቦት በድምፅ «ቁም» ብትሉት፣ ሁለት ሰከንድ ይወርዳል፤ «ቆሜያለሁ» ለማለት ሌላ ሁለት ሰከንድ ይወጣል። በአራት ሰከንድ ውስጥ ስንት ነገር ይሰበራል!

እና ጥያቄው መጣ። ሮቦቱን የሚነዳው ማነው? ሰውዬው ነው? ኮምፒውተሩ ነው?

ይሄን ጥያቄ በደንብ ለማየት የባሕር ዳርቻ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ ደወሌ፣ ከሻይ ቤቱ በር ላይ ሆኖ ማየት በቂ ነው። ተሳቢ ያለው መኪና ወደ ኋላ ሲገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሾፌሩ ምንም አይታየውም። የሚያየው ረዳቱ ነው። ረዳቱ ኋላ ቆሞ «ና! ና! ና! ግራ ስበር! ትንሽ! ቁም!» እያለ የመኪናውን ጎን በመዳፉ ይደልቃል። ሾፌሩ እጁ መሪ ላይ፣ ጆሮው ረዳቱ ላይ ነው። አንዱ መሪ አለው፤ ዓይን የለውም። ሌላው ዓይን አለው፤ መሪ የለውም። ተስማምተው ሲሠሩ ያን ሁሉ ብረት በክንድ ርቀት ያስገቡታል። ሳይስማሙ ደግሞ… ጩኸቱን ከሻይ ቤቱ እንሰማዋለን። «ቁም አላልኩህም ጋሼ?» «መቼ ነው ያልከው? አንተ ልጅ፣ ስልክ ላይ ነበርክ!»

ሳይንቲስቶቹም የደረሱበት ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1960ዎቹ ዊሊያም ፌሬል የሚባል የኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪ፣ ሰዎች ምስሉ ዘግይቶ በሚደርሳቸው ጊዜ ከሩቅ ያለን ክንድ እንዴት እንደሚያንቀሳቅሱ አጠና። ማንም ሳያስተምራቸው ሁሉም አንድ ዘዴ ያዙ። ትንሽ ማንቀሳቀስ፣ መቆም፣ ምን እንደሆነ ማየት፣ እንደገና ትንሽ ማንቀሳቀስ። ልክ እንደ ሾፌራችን! ይሠራል፤ ግን ቀኑን ይበላል። ታዲያ እያንዳንዱን ንቅናቄ ከላይ ከማዘዝ፣ «ያንን ገመድ ያዝ» ብሎ ግቡን ብቻ ነግሮ ዝርዝሩን ታች ላለው ኮምፒውተር መተው አይሻልም?

እ.ኤ.አ. በ1978 እዚያው ኤም.አይ.ቲ. የነበሩት ቶማስ ሸሪዳንና ዊሊያም ቨርፕላንክ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ቢሮ በባሕር ውስጥ ማሽኖች ላይ የሰውና የኮምፒውተርን ድርሻ የሚመለከት ጥናት ጻፉ። እዚያ ጥናት ውስጥ ያስቀመጧት ባለ አሥር ደረጃ ዝርዝር ከባሕር ወጥታ ዓለምን ዞረች፤ ዛሬ ስለ አውሮፕላንም ስለ መኪናም ሲወራ ትጠቀሳለች። እኛ በደወሌኛ እንተርጉማት።

አንደኛው ደረጃ፦ ረዳቱ ተኝቷል፤ ሾፌሩ ሁሉንም ራሱ ይሠራል። ሁለተኛ፦ ረዳቱ ያሉትን መንገዶች ሁሉ ይዘረዝራል። ሦስተኛ፦ ጥቂቶቹን ይመርጥለታል። አራተኛ፦ «በግራ ይሻላል» ይላል። አምስተኛ፦ «በግራ ላስገባው?» ብሎ ሲፈቀድለት ያስገባል። ስድስተኛ፦ «ሦስት ልቆጥር ነው፤ ካልከለከልከኝ አስገባዋለሁ» ይላል። ሰባተኛ፦ ካስገባ በኋላ ይናገራል። ስምንተኛ፦ ካልተጠየቀ አይናገርም። ዘጠነኛ፦ መናገር ካሰኘው ብቻ ይናገራል። አሥረኛ፦ ሾፌር የሚባል ሰው መኖሩን ረስቶ እንዳሻው ይነዳል።

የባሕር ውስጥ ሮቦት ጥሩ የሚሆነው ታዲያ አንዱን ደረጃ መርጦ እሱ ላይ ሙጭጭ ስላለ አይደለም። ሥራውን ይከፋፍላል። ጥልቀት መጠበቅ፣ አቅጣጫ መጠበቅ፣ ሞገድ ሲገፋ ባሉበት ቆሞ መቆየት፣ ይሄ ሁሉ ለኮምፒውተሩ ይሰጣል፤ ኮምፒውተር አይሰለቸውም፣ አያዛጋም። ጭቃው ተነሥቶ ካሜራው ሲጨልም መጠበቅ ይሻላል ወይስ መመለስ? ይሄ የሚታየው ነገር ገመዱ ነው ወይስ የተጣለ ብረት? ይሄ ለሰው ይተዋል። ሰውዬው ጆይስቲኩን ሲነካ ኮምፒውተሩ ቦታ ይለቃል፤ ሲለቀው ይረከባል። ስክሪኑ ላይ ደግሞ የትኛው ሥራ በማን እጅ እንዳለ ተጽፎ ይታያል። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልን። ወደፊት ታስፈልገናለች።

* * *

«እሺ፣ እኛ ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ያገባናል። በጣም ያገባናል።

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 ከቤይሩት ተነሥቶ ሜድትራኒያን ባሕር ላይ ወደቀ። 90 ሰው ሞተ። ባሕሩ እዚያ ጋ 45 ሜትር ያህል ነበርና ጠላቂዎች ወርደው የመረጃ መቅረጫውን አወጡት። ከዚያ በፊት፣ በጁን 2009 እ.ኤ.አ.፣ የኤር ፍራንስ በረራ 447 አትላንቲክ ላይ 228 ሰው ይዞ ሲወድቅ ግን ጥልቀቱ 3,900 ሜትር ገደማ ነበር። እዚያ ጠላቂ አይወርድም። ስብርባሪው የተገኘው ከሁለት ዓመት ግድም በኋላ፣ በኤፕሪል 2011፣ ራሳቸውን ችለው በሚዋኙ ሮቦቶች ነው። ሳጥኖቹን በሜይ ወር መጀመሪያ ያነሣቸው ደግሞ በእትብት የሚነዳ ሮቦት ነው፤ የሰው ፍርድ ከላይ፣ የብረት ክንድ ከታች።

ሳጥኖቹ ምን ተናገሩ? አውሮፕላኑን የጣለው ራሱ የመሪ ርክክብ ጣጣ መሆኑን ነዋ! ፍጥነት የሚለኩት ቱቦዎች በረዶ ደፈናቸው። ኮምፒውተሩ ግራ ገባውና አውቶፓይለቱን ለቀቀ። እስከዚያ ድረስ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ የነበረው እሱ ነው፤ ድንገት «በሉ ተረከቡኝ» አለ። ጨለማ ነው፣ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፣ የፍጥነቱ ቁጥር አይታመንም። ቱቦዎቹ ከአንድ ደቂቃ በታች ውስጥ ደህና ሆነዋል። አብራሪዎቹ ግን በዚያች ደቂቃ ውስጥ የሳቱትን ሁኔታ መልሰው ሳይጨብጡት፣ አራት ደቂቃ ተኩል ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ባሕሩ ላይ ወደቁ።

ሊዛን ቤይንብሪጅ የምትባል ምሁር ይሄን ነገር ቀደም ብላ፣ በ1983 እ.ኤ.አ.፣ ጽፋዋለች። ሐሳቧ በአጭሩ እንዲህ ነው። ቀላሉን ሥራ ለማሽን እንሰጣለን፤ ሰውየው ልምምዱ ይጠፋዋል፤ ከዚያ ማሽኑ ሲያቅተው፣ ማለትም ሥራው በጣም በከበደበት ደቂቃ፣ ለዚያው ልምምድ ላጣው ሰው እናስረክበዋለን። አንድ ወር ሙሉ መሪ አስነክታችሁት የማታውቁትን ረዳት፣ ፍሬን የተበጠሰ ዕለት «ና ንዳ» እንደማለት ነው።

ይሄ አንደኛው ጥፋት ነው፤ መሪን ድንገት መልቀቅ። ሁለተኛው ጥፋት ተቃራኒው ነው፤ መሪን አለመልቀቅ። እሱን ለማየት ሩቅ አንሄድም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት። በረራ 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ ከቦሌ ተነሣ። በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰው። ያን ቀን የት እንደነበርን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ መዘርዘሩ ለማንም አይበጅም። ዋና አብራሪው ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር፤ ረዳት አብራሪው አሕመድኑር መሐመድ 25። ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረ ካፒቴን በእኛ ዕድሜ!

አውሮፕላኑ ውስጥ «ኤምካስ» የሚባል ፕሮግራም ነበር። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከልክ በላይ ቀና ካለ ወደ ታች ይደፋዋል። ቀና ማለቱን የሚያውቀው ከአንድ ሴንሰር ብቻ ነበር። ያን ቀን የግራው ሴንሰር ተሳሳተ፤ የግራው 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15.3 ይል ነበር። ሁለቱን ያየ ሕፃን እንኳ አንዱ መዋሸቱን ያውቃል። ኤምካስ ግን የሚያየው አንዱን ብቻ ነው። ደፋው። አብራሪዎቹ አቀኑት። እንደገና ደፋው። አብራሪዎቹ የኤሌክትሪኩን ማስተካከያ አጠፉት፤ በእጅ ለማዞር ሞከሩ፤ ፍጥነቱ የፈጠረው ጫና አላስዞር አለ። ማብሪያውን መልሰው ሲያበሩት ኤምካስም ተመልሶ መጣ።

ከአራት ወር ተኩል ገደማ በፊት ኢንዶኔዥያ ላይ የላየን ኤር ተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ ወድቋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ኤምካስ የሚባል ነገር በአብራሪዎቹ ማኑዋል ውስጥ አልነበረም። ወደ ሸሪዳንና ቨርፕላንክ መሰላል ተመለሱና ፍረዱ። የሚነዳ፣ የማይናገር፣ ሲከለክሉት ተመልሶ የሚመጣ ረዳት ስንተኛው ላይ ነው? ባሕር ውስጥ ገመድ ለሚቆርጥ ሮቦት «አሁን ማን እንደያዘው ስክሪኑ ላይ ይታይ» ተብሎ የተሠራለት ነገር፣ ሰው ለሚጭን አውሮፕላን ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነው እኛን የሚያንገበግበን። አንዳንድ የአሜሪካ ፖለቲከኞች «የእኛ አገር ሥልጠና ያለው አብራሪ ቢሆን ያድነው ነበር» ዓይነት ነገር ተናገሩ። ልክ ነው፣ የሞተር ኃይሉ ስላለመቀነሱና ስለ አብራሪዎቹ አያያዝ የውጭ መርማሪ ተቋማት ያነሡት ጥያቄ አለ፤ በ2015 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የመጨረሻ ሪፖርት ላይም ከዚህ የተነሣ ክርክር ነበር። አንክድም። ግን ቅደም ተከተሉን ተመልከቱት። መጀመሪያ የተወቀሰው ሰውየው ነው። ማሽኑ የተጠየቀው በኋላ ነው። አውሮፕላኑ በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታገደ፤ ቦይንግ በ2021 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤት ለአደጋው ኃላፊነቱን ተቀበለ፤ ፕሮግራሙ ሁለቱንም ሴንሰር እንዲያይ፣ አንዴ ብቻ እንዲሠራ፣ አብራሪው እንዲያሸንፈው ሆኖ ተስተካከለ። የእኛ አየር መንገድ በጥር 2014 ዓ.ም. መልሶ አበረረው።

ማድሊን ኤሊሽ የምትባል ተመራማሪ ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ አላት። የመኪና አፍንጫ ሲጋጭ እንዲጨማደድ ተደርጎ ይሠራል፤ እሱ ተጨማድዶ ተሳፋሪውን ያድናል። ሰውና ማሽን አብረው በሚሠሩበት ቦታ ደግሞ የሚጨማደደው ሰውዬው ነው ትላለች፤ ወቀሳውን እሱ ይውጥና ማሽኑና ባለቤቱ ይተርፋሉ። ኃላፊነት ሁሉ እሱ ጋ፣ ሥልጣን ግን ሌላ ጋ። ይቺ ነገር በብዙ መሥሪያ ቤት የምናውቃት መሰለን። ጠረጴዛው ጀርባ ያለችው ልጅ «ሲስተሙ አልቀበል አለ» ስትለን የምንጮኸው በማን ላይ ነው? በሲስተሙ ላይ ጮኾ የሚያውቅ ሰው አለ?

* * *

አሁን ወደ ሐዲዱ እንመለስ። በደወሌ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መጀመሪያ ሲያስተዳድሩት የነበሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ የእኛዎቹ ከጎናቸው ሆነው ሲማሩ ቆይተው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ርክክቡ ተጠናቀቀ። ወደ ስድስት ዓመት የፈጀ ርክክብ ማለት ነው። ዘገየ የሚል ሰው አለ፤ ይሆናል። እኛ ግን የኤር ፍራንሱን የአንዲት ቅጽበት ርክክብ ካነበብን ወዲህ ቀስ ብሎ መረከብን አንንቅም።

ባቡሩ ግን በረሃ ላይ ብቻውን አይደለም። ግመል አለ፤ ከብት አለ። ባቡሩ እንስሳት መግጨቱ በተደጋጋሚ ተዘግቧል፤ የካሣ ክርክርም አስነሥቷል። ነጂው ግመሏን ሊያያት ይችላል። ፍሬንም ይይዛል። ሙሉ ጭነት የያዘ ባቡር ግን ፍሬን ተይዞም ብዙ መቶ ሜትር ይሄዳል፤ ዓይን አለ፣ እጅ አለ፣ ጊዜ የለም። እረኛው በነጂው ይናደዳል፤ ነጂው በእረኛው። በሁለቱ መካከል ያለውን ነገር፣ አጥሩን፣ መሻገሪያውን፣ የፍጥነቱን ልክ የወሰነው ሰው ግን በዚያች ደቂቃ ሐዲዱ ላይ የለም። ሩቅ ያለ ወሳኝ፣ ቅርብ ያለ ተወቃሽ። ሮቦት ላይም፣ አውሮፕላን ላይም፣ ግመል ላይም ያው ነው።

እኛ የቴክኖሎጂ ጠላት አይደለንም፤ ይሄንንም የምንጽፈው በኮምፒውተር ነው። «ሰው ይሻላል ወይስ ማሽን?» የሚለው የካፌ ክርክርም አሰልችቶናል፤ ረዳትና ሾፌር ማን ይበልጣል እንደማለት ነው። እኛ የምንለው ሌላ ነው። በዚህ ድንበር በኩል ገና ብዙ ማሽን ይገባል። ራሱ የሚነዳ፣ ራሱ የሚያይ፣ ራሱ ብድር የሚፈቅድ፣ ራሱ ተማሪ የሚመድብ። ጉምሩኩ ሚዛኑንና ቀረጡን ያያል። ሦስቱን ጥያቄ ግን እኛው፣ እሱ ላይ ተቀምጠን የምንሠራው ልጆች፣ መጠየቅ ይኖርብናል። አሁን መሪው በማን እጅ እንዳለ የሚያሳየኝ የቱ ላይ ነው? ሊለቅልኝ ሲል ስንት ጊዜ ይሰጠኛል? እኔ «ቁም» ስለው ይቆማል?

ለሦስቱም መልስ ያለው ማሽን ይምጣ፤ ሻይ እንጋብዘዋለን። መልስ የሌለው ከሆነ ግን፣ ከመፈረማችን በፊት ማኑዋሉን ያምጡልን። ገጹ ሳይጎድል።